ፋኗ ምን በደለች?

በአዲስ አበባ ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አጠገቡ ሰው አያጣም። እንፋሎቱ በቅጡ ሳይበተን አንድ ሊስትሮ፣ ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች፣ ጡረታ የወጡ አንድ የመንግሥት ሹፌርና ጉዳዩ ፈጽሞ የማይመለከተው ሎተሪ አዟሪ ይሰበሰባሉ። በኳስም በፖለቲካም የማይስማሙ ሰዎች እዚህ ላይ በአንድ ድምፅ ይፈርዳሉ፦ «ፋኑ ነው!» ባለመኪናውም ቅር አይለውም፤ ፋን ከሌላው ዕቃ አንጻር ርካሽ ነው፣ ሲዞርና ሲቆም በዓይን ይታያል፣ ስለ እሱ ለመናገርም ትምህርት አይጠይቅም። ከዚያ አንዱ በሃይላንድ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት ይታገላል፣ ጡረተኛው ሹፌር ብቻ ምንም ሳይናገሩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ምክር መጠየቅ ያለበት እሳቸውን ነው። የፈላ ራዲያተር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ ለፋኗ ጠበቃ ሆኜ ልቆም ነው። ፋን ጥፋት አያውቃትም ማለቴ አይደለም፤ ትቃጠላለች፣ ሽቦዋ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም ገመዷ ተገላብጦ ይታሰርና አየሩን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ትገፋለች። ሙግቴ ስለ ፍርዱ አካሄድ ነው። ሞተር በሞቀ ቁጥር ማስረጃ ሳይሰማ የምትከሰሰው እሷ ናት፤ ቅጣቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሽቦዋ ከሴንሰሩ ተቆርጦ «ዳይሬክት» ይደረግና ሞተሩ ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ እስኪጠፋ ያለ ዕረፍት እንድትዞር ይፈረድባታል። ቴርሞስታቱም እንደ ግብረ አበር ተቆጥሮ ተነቅሎ ይጣላል። መኪናው ለጊዜው ይቀዘቅዛል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ተመሰጋግኖ ይለያያል። እነዚህ ሁለት መፍትሔዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ብልሽቱን አይጠግኑትም፤ ስለ ብልሽቱ ሊመሰክሩ የሚችሉትን ሁለት ምስክሮች አፍ ነው የሚዘጉት።

እስቲ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ኃይል መኪናውን ለመንዳት የሚውለው ከሩብ ብዙም አይዘልም። ከቀረው ውስጥ ትልቁ ድርሻ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከጠቅላላው ወደ ሲሶ የሚጠጋው ደግሞ ለማቀዝቀዣው ውሃ ይተርፋል። በገንዘብ ሲታሰብ፣ ለነዳጅ ከምንከፍለው ብር ሲሶው ገደማ የሚውለው ራዲያተር ለማሞቅ ነው፤ ይህን ማደያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ማስላት ለጤና አይመከርም። ውሃው ያን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፣ በቀጫጭን ክንፎቹ መካከል የሚያልፈው አየር ደግሞ ይረከበዋል። አየሩን የሚያሳልፈው ማነው? መኪናው ደህና አድርጎ ሲሮጥ ሩጫው ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ የብዙ መኪኖች የኤሌክትሪክ ፋን ቆማ ነው የምትሄደው፣ ብትዞርም እምብዛም የምትጨምረው ነገር የለም። የምታስፈልገው መኪናው ሲቆምና ሲያዘግም ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ኮፈን ከመክፈቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «ምን ተበላሸ?» ብሎ ሳይሆን «መቼ ሞቀ?» ብሎ ነው። ማታ መገናኛ ላይ ተጨናንቆ ቆሞ ሳለ የሚሞቅ፣ መንገዱ ሲከፈትለት ደግሞ ወዲያው የሚበርድ መኪና ከሆነ ፋኗን መጠርጠር ተገቢ ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር እየበረረ የሚሞቅ ከሆነ ግን እሷን መመርመር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው በቆሻሻ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ነው።

አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር እዚህ ላይ «እንግዲያው ዓባይ በረሃስ?» ብሎ ቢያቋርጠኝ መብቱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ የወረደ መኪና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ከተማ ውስጥ አይደለም፣ ቆሞም አይደለም፣ ነገር ግን ይሞቃል። መልሱ ያው ነው፤ ዳገቱን የሚወጣው በከባድ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፣ ጎማው ግን ይንፏቀቃል። ሙቀቱ የሩጫ፣ አየሩ የእግር መንገድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መለያው ከተማና ገጠር ሳይሆን ዝግታና ፍጥነት ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ዳገት ላይ የሙቀቱ ምልክት ከፍ ማለት ሲጀምር የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ፦ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ችግሩ በዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ ማሞቂያ የከፈተ ሹፌር ለተሳፋሪዎቹ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው።

ከፋኗ በፊት መከሰስ የነበረባት ማንም ዞር ብሎ የማያያት የራዲያተር ክዳን ናት። ሰው ሁሉ ውሃው እንዳይፈስ የምትከድን ቆርቆሮ ትመስለዋለች። ዋና ሥራዋ ግን ግፊት መያዝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጣርማበር ላይ ወደ 90 ዝቅ ይላል፣ ሰመራ ሲወረድ ደግሞ ወደ 98 ከፍ ይላል። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የብዙ መኪኖች ፋን እንድትነሳ የታዘዘችው ውሃው ከ93 እስከ 98 ዲግሪ ባለው መካከል ሲደርስ ነው። ክዳኗ ደህና ከሆነች፣ ላይዋ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ካላት፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃው ሳይፈላ ወደ 115 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ 1.1 ከሆነች ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ፋኗ በሰዓቷ ተነስታ ሥራዋን ለመሥራት በቂ ጊዜ አላት ማለት ነው። የክዳኗ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጓ ከደከመ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ ራዲያተሩ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ድስት በ92 ዲግሪ ይፈላል። ፋኗ የምትጠራበት ሙቀት ገና አልደረሰም፤ እንፋሎቱ ግን ወጥቷል፣ ሰውም ተሰብስቧል፣ «አይታችኋል? ፋኑ አልዞረም!» ተብሏል። እውነት ነው፣ አልዞረችም። አልተጠራችማ!

ይህን ጉዳይ ያከበደው ደግሞ ራዲያተር ውስጥ የምንጨምረው ውሃ ነው። ኩላንት በትክክለኛ መጠን ከውሃ ጋር ሲቀላቀል የመፍያውን ነጥብ በጥቂት ዲግሪ ያነሳል፣ ዝገትም ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ሲሆን ግን በሄደ ቁጥር ደለሉን ያስቀምጣል፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይደፍናል። ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ባዶ መንገድ ላይ ሰላማዊ መስሎ ይሄዳል፣ ጭነት ወይም ዳገት ሲገጥመው ግን ሚስጥሩ ይወጣል። ክዳኗ ላይ ሁለተኛ ምልክትም አለ፦ ሞተሩ በርዶ ካደረ በኋላ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ ከተገኘ፣ ውሃውን ከትርፍ መያዣው መልሳ የምታስገባው ትንሿ ቫልቭ አልሠራችም። ይህን ለማየት ዓይን እንጂ ጋራዥ አያስፈልግም።

ዳሽቦርዱስ አይነግረንም ወይ የሚል አይጠፋም። ይነግረናል፣ ግን እንደ ዘመድ ሽማግሌ ክፉውን ወሬ እስኪጨንቀው ይዞ ያቆየዋል። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ የሙቀት መርፌው ሹፌሩ እንዳይደነግጥ ተብሎ ሙቀቱ ሰፋ ባለ ልክ ከፍና ዝቅ ቢልም መሃል ላይ ተተክሎ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መነሳት ሲጀምር ነገሩ አልፎበታል። ብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ መርፌም የለም፣ ሲነሳ የምትበራ ሰማያዊና ሲብስ የምትበራ ቀይ መብራት ብቻ ናቸው። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን መርፌው ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሹፌሩ «ተመስገን፣ በረደ» ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። የሆነው ግን ውሃው አልቆ ሴንሰሩ አየር ላይ መቅረቱ ነው፤ ሴንሰሩ የሚለካው ውሃ ስላጣ ነው ዝም ያለው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የቴስታታ መታጠፍና የቶርኖ ቤት ወረፋ ነው።

ፋኗን ራሷን መመርመር ካስፈለገም ሥነ ሥርዓት አለው፣ ብዙው ደግሞ ያለ ብዙ መሣሪያ ይሠራል። ኤሲ ሲከፈት በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ፋኗ አብራ መነሳት አለባት፤ በኤሲ ተነስታ በሙቀት ካልተነሳች ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ያለው ትእዛዝ በሚሰጣት ሴንሰር በኩል ነው። በምንም ካልተነሳች ፊውዙ ይታያል፣ ሪሌዩ ከጡሩንባው ተመሳሳይ ሪሌይ ጋር ተቀያይሮ ይሞከራል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ የፋኗን የሙቀት ስዊች ሶኬት መንቀል ራሱ እንድትነሳ ያደርጋታል፤ ከተነሳች ገመዱም ሪሌዩም ሞተሯም ነጻ ወጡ ማለት ነው። ሶኬቷ ላይ 12 ቮልት ደርሶ እየታየ የማትዞር ከሆነ፣ ጀርባዋን ቀስ ብሎ በመፍቻ እጀታ መታ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ከተነሳች ካርቦኗ አልቋል። አንድ ወረቀትም ይበቃል፦ ፋኗ እየዞረች ከራዲያተሩ ፊት ሲያዝ ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ መሳብ አለበት፤ ከሸሸ ገመዷ ተገላብጧል፣ መኪናው ሲሮጥ ከሚገባው አየር ጋር ግብግብ ገጥማለች። ሚኒባሶቹና ላንድክሩዘሮቹ ላይ ግን ፋኑ በሞተሩ በራሱ የሚዞር፣ መሃሉ ላይ የሲሊኮን ፈሳሽ ያለበት ቪስኮስ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲዞር መጠነኛ መቋቋም ሊኖረው ይገባል፤ ያለ ምንም ችግር ብዙ ዙር ከተንሳፈፈ ፈሳሹ ፈስሷል። አንዳንዱ ጋራዥ ይህንንም በብሎን አስሮ «ዳይሬክት» ያደርገዋል፣ የሚኒባሱ ጩኸት የአውሮፕላን ሲሆን ተሳፋሪው ኃይለኛ ሞተር ይመስለዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ በራሷ ልትነሳ ትችላለች፣ ጣት አታውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሙግት እንመለስ። «ዳይሬክት አድርጌው ዓመታት ሄድኩበት፣ ምን ሆነ?» ለሚለው አቤቱታ መልስ አለኝ። መሄዱማ ሄዷል፤ ነገር ግን ፋኗ ያለ ዕረፍት የምትሠራው ሌላ ሰነፍ ስላለ ነው። ከፊሉ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ግፊት ያጣች ክዳን የጎደለውን እሷ በትርፍ ሰዓት እየሞላችው ነው። ድፍኑ ሲጨምር እሷም አትበቃም፤ ያን ጊዜ ግን «ፋኑማ እየዞረ ነው» ስለሚባል ማንም ምክንያቱን አያገኘውም፣ ጋርኒሲዮኑ ሲቃጠል ሰበቡ ለዕድል ይሰጣል። እስከዚያው ካርቦኗ ቶሎ ያልቃል፣ ከዲናሞው ያለማቋረጥ ኃይል ትስባለች፣ ጠዋት በብርድ ሞተሩ በቶሎ እንዳይሞቅ ታደርገዋለች። ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጠዋል። በነዳጅ ዋጋ ለሚያማርር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቴርሞስታት የሚሰማው መከላከያ የበለጠ ይገርማል። «ይሄ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፣ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይባላል። ከዱባይ ተጭነው የገቡትን መኪኖች እንጠይቅ፤ እዚያ ከ45 ዲግሪ በላይ በሚሆን በጋ ሲነዱ ቴርሞስታታቸው ከነሙሉ ክብሩ ሥራ ላይ ነበር። በዚያ በረሃ ያስፈለገ ዕቃ የኅዳር ውርጭ በሚወርድበት አዲስ አበባ ላይ ትርፍ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ሥራው ውሃውን ማገድ ብቻ ሳይሆን ሞተሩን በሚስማማው ሙቀት ላይ ማቆየት ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ አንደኛው የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት ሁለተኛው ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ተነቅሎ ሲጣል አቋራጩ ክፍቱን ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። እንግዲህ እንዳይሞቅ ተብሎ ቴርሞስታቱ የተነቀለለት መኪና ዳገት ላይ ቴርሞስታት በማጣቱ ሊሞቅ ይችላል።

በመለዋወጫ ገበያው ላይ የሚነሳው ቅሬታ ግን ፍትሐዊ ነው፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ መለየት የሰለጠነ ዓይን ይጠይቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። የተለመደው መፈተኛ ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ ከቶ ውሃውን ማፍላት ነው። ጥሩ ፈተና ነው፣ ግን ደጋ ላይ ወጥመድ አለበት። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ ከ92 አይዘልም። 88 የተጻፈበት ከሆነ ጥቂት ከፈት ብሎ ይቆማል፣ ገዢውም «ፎርጅድ ሸጠልኝ» ብሎ ወደ ነጋዴው ይመለሳል። ነጋዴው ለሌላ ነገር ሊወቀስ ይችል ይሆናል፣ በዚህ ጥፋት ግን የለበትም። መጠየቅ ያለበት በተጻፈው ቁጥር መከፈት መጀመሩ ነው፣ ለዚህም ቴርሞሜትር ያስፈልጋል።

እስከ አሁን መካኒኩን የምወቅስ መስያለሁ፤ ትልቁ ወቀሳ ግን የባለመኪናው ነው። እኛ የምንከፍለው ለብረት እንጂ ለማሰብ አይደለም። ግማሽ ቀን ተቀምጦ በፈተና ጥፋቱን ክዳኗ ላይ ያገኘ መካኒክ አንዲት ትንሽ ክዳን ቀይሮ የድካሙን ዋጋ ቢጠይቅ «ለዚህች ነው?» ተብሎ ይሰደባል። ቴስታታ አውርዶ፣ ጋርኒሲዮን ቀይሮ፣ ግቢውን በዘይት ያጨማለቀው ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል፣ ምርቃትም ይጨመርለታል። ሰው የሚከፈልበትን ነው የሚሠራው። ጋርኒሲዮኑ በእርግጥ ከተቃጠለ ምልክቱ አለው፦ ትርፍ መያዣው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ የነጣ ዘይት፣ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ በብርድ ከተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደነድን ቱቦ። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ ቴስታታ ላውርድ የሚል ካጋጠመ ምን ዓይቶ እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ያሉን ቪትዞችና ኮሮላዎች ተተኪ የሌላቸው ሆነዋል፤ እንግዲህ እስከ መጨረሻው የሚያደርሱን እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪክ መኪና ይዣለሁ ብሎ የሚዝናናም አይዝናና፤ የእሱም ባትሪ በአብዛኛው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ነው፣ ራዲያተርና ፋን ከፊቱ አሉ፣ ነገ «ዳይሬክት ላድርገው?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መካኒክህ ጥፋቱን ፈልጎ ስላገኘ ብቻ ከዕቃው ዋጋ ለይተህ ክፈለው። እስከዚያው ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ፍጹም በርዶ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፤ ጎማዋ ከተሰነጠቀ በዚያው ቁጥር ያላትን አዲስ ግዛ።